የመኪናን ጎማ በቤት ውስጥ በእጅ መሣሪያ ስለ መለወጥ

መኪና ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ፥ ይዋል ይደር እንጂ፥ ጎማው ተንፍሶ የሚቆምበት ሰዓት ይመጣበታል። ሰዓቱም አብዛኛውን ጊዜ የተመቸ አይደለም፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሊሄዱ ሲሉ፥ ወይም በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት ሲወሰድ፥ ወይም ቤተ ሰቡ ለበዓል ወደ አገር ቤት ሲጓዝ ከከተማ ርቆ ነው። በዚያን ጊዜ አንዱ መሣሪያውን አውጥቶ በግማሽ ሰዓት ጉዳዩን ይፈጽማል፤ ሌላው ግን መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ ይለምናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጉልበት አይደለም፤ የዕውቀትና የሥርዓት ነው።

በዛሬው ገጻችን የምንነጋገረው ስለዚህ ሥራ ነው። ሥራው ሁለት ዓይነት ስለ ሆነ አስቀድሞ መለየት ይገባል። አንደኛው፥ የተነፈሰውን ጎማ ከነቸርኬው አውርዶ ተጠባባቂውን መተካት ነው፤ ይህን መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ ሊያውቀው የሚገባ ነው። ሁለተኛው፥ ጎማውን ራሱን ከቸርኬው አላቅቆ ማውጣትና ሌላውን ማግባት ነው፤ ይህ የጎሚስታ ሙያ ቢሆንም፥ ትዕግሥት ያለው ሰው ለትንሽ የቤት መኪና በእጅ መሣሪያ ሊሠራው ይችላል። በሁለቱም ሥራ ሰውን የሚጎዱት በዋናው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ከፍ ብሎ የቆመው የመኪናው ክብደት ነው፤ ሁለተኛው በጎማው ውስጥ የታመቀው አየር ነው። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሥርዓት ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለመጠንቀቅ የወጣ መሆኑን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

የጎማው ታሪክ በአጭሩ

ጎማ በመጀመሪያ የተሠራው ከዛፍ ከሚፈስ ወተት መሰል ፈሳሽ ነው። ቻርልስ ጉድይር የሚባል አሜሪካዊ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም.፥ ይህን ነገር ከድኝ ጋር በሙቀት ቢያዋሕደው በበጋ የማይቀልጥ፥ በብርድም የማይሰነጠቅ ሆኖ አገኘው። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ በአየርላንድ በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የከብት ሐኪም፥ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት የሠራውን በአየር የተነፋ ጎማ አስመዝግቦ ባለ መብት ሆነ። ነገር ግን የዚያን ጊዜ ጎማ ከቸርኬው ጋር የተጣበቀ ስለ ነበረ፥ በተበሳ ጊዜ መጠገኑ ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ስለዚህም በፈረንሳይ አገር አንድሬና ኤድዋር ሚሸሊን የተባሉት ወንድማማቾች በ1891 ዓ.ም. ወልቆ የሚገባ የብስክሌት ጎማ አወጡ። በ1895 ዓ.ም. ከፓሪስ እስከ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገው የመኪና ውድድርም በአየር ጎማ የሚሄድ መኪና አሰለፉ። በጉዞው ላይ ጎማው ደጋግሞ ቢተነፍስም፥ እያወለቁና እየጠገኑ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እንግዲህ ጎማን በእጅ የማውለቅና የማግባት ጥበብ ከመኪናው የአየር ጎማ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። የሙያው ቃላት ግን ብዙዎቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጎሚስታ፥ ክሪክ፥ ቸርኬ የምንላቸው ሁሉ ከዚያ የተወረሱ ናቸው። ከመነዳሪ የምንለው የውስጥ ጎማ እንኳ በምንጩ ቋንቋ «የአየር ክፍል» ማለት ነው። ከ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ጀምሮ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ከመነዳሪ የሌለው ጎማ (ቱብለስ) በትናንሽ መኪናዎች ላይ እየተለመደ ሄደ። ዛሬ አብዛኛው የቤት መኪና የሚሄደው በዚህ ነው።

ተጠባባቂውን ጎማ ስለ መተካት

ጎማው መተንፈሱ እንደ ታወቀ፥ ፍሬን በድንገት ሳይረግጡ መሪውን አጥብቆ ይዞ ፍጥነትን ቀስ በቀስ መቀነስ፥ ከዚያም ከመንገዱ ወጥቶ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ መቆም ያስፈልጋል። ቁልቁለት ላይ፥ ጭቃ ላይ ወይም ኩርባ ላይ ክሪክ አይተከልም። እስከ ደልዳላው ስፍራ ለመድረስ ጥቂት መቶ ሜትር በተነፈሰው ጎማ ቀስ ብሎ መሄድ ጎማውን ያበላሸው ይሆናል፤ ነገር ግን ጎማ በገንዘብ ይተካል።

የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ማርሽ ይግባ። ሰዎች ሁሉ፥ ሕፃናትም ጭምር፥ ከመኪናው ወርደው ከመንገዱ ራቅ ብለው ይቁሙ። የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ወይም ሌላ ምልክት ከመኪናው በስተ ኋላ ይቀመጥ። ከሚነሣው ጎማ በማዕዘን ትይዩ ባለው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ ወይም ታኮ ይደረግ። የፊት ቀኙ የሚነሣ ከሆነ የኋላ ግራው ይታሰራል ማለት ነው። የእጅ ፍሬን በብዙ መኪናዎች የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለ ሆነ፥ የኋላው በሚነሣበት ጊዜ ታኮ ፈጽሞ መቅረት የለበትም።

ከዚህ በኋላ፥ መኪናው ገና መሬት ላይ ሳለ፥ የጎማውን ብሎኖች እያንዳንዳቸውን ግማሽ ዙር ያህል ማላላት ይገባል። ብዙ ሰው ይህን ረስቶ አስቀድሞ በክሪክ ያነሣና ብሎኑን በኃይል ሲታገል መኪናው ከክሪኩ ላይ ይንሸራተታል። ጎማው መሬት ሲነካ ግን መሬቱ ራሱ ይይዝልናል። ብሎኑ ከዝገት የተነሣ እምቢ ቢል፥ መፍቻው በደንብ መግባቱን አይቶ፥ እጀታውን አግድም አድርጎ በሰውነት ክብደት ቀስ ብሎ ወደ ታች መጫን ነው። በአንዳንድ የቀድሞ መኪናዎችና የጭነት መኪናዎች የግራ በኩል ብሎን የሚፈታው በተቃራኒው አቅጣጫ መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል።

ክሪኩ የሚተከለው መኪናውን የሠራው ፋብሪካ በወሰነው ስፍራ ብቻ ነው። ይህም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፎ፥ አብዛኛውን ጊዜም በበሩ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ ምልክት ተደርጎበት ይገኛል። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ይነጠፋል፤ ድንጋይ ግን ይሰነጠቃልና አይሆንም። መኪናው ጥቂት ከፍ እንዳለ፥ ተጠባባቂውን ጎማ አጋድሞ ከመኪናው ወለል ጠርዝ ሥር ማስገባት እጅግ መልካም ልማድ ነው፤ ክሪኩ ቢወድቅ መኪናው በጎማው ላይ ያርፋል እንጂ በሰው ላይ አያርፍም። የተነፈሰው በወረደ ጊዜ እርሱ ከሥር ይገባል፤ ተጠባባቂው ይወጣል። አንድ ትንሽ የቤት መኪና 1,000 ኪሎ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ክሪክ ደግሞ ለማንሣት እንጂ ለመደገፍ የተሠራ መሣሪያ አይደለም። ስለዚህ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ራስን፥ እጅን ወይም እግርን ማስገባት፥ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን፥ አይገባም። በቤት ግቢ ውስጥ ረዘም ያለ ሥራ ሲሠራ ካቫሌቶ የሚባለውን የብረት መደገፊያ ማቆም ግድ ነው።

ተጠባባቂው ከገባ በኋላ ብሎኖቹን ሾጣጣ ፊታቸውን ወደ ቸርኬው አዙሮ በእጅ ማስያዝ ነው። ከዚያም በመፍቻ የሚጠብቁት በተራ ሳይሆን በትይዩ ነው፤ አንዱ ከተያዘ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለው ይያዛል። እንዲህ ሲሆን ቸርኬው ሳይጣመም በእኩል ይቀመጣል። የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው መሬት ከወረደ በኋላ ነው። ለብዙ ትናንሽ መኪናዎች የሚበቃው ኃይል 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህም 40 ሳንቲሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ 25 ኪሎ የሚያህል ክብደት መጫን ማለት ነው። በእግር ቆሞ እየዘለሉ ማጥበቅ ብሎኑን ይቆርጣል፤ ሌላ ቀንም እናት ወይም ልጅ መፍታት እንዳይችሉ ያደርጋል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ሁሉም ብሎኖች እንደ ገና ይፈተሹ።

ጎማውን ከቸርኬው ስለ ማውጣት

አሁን ወደ ሁለተኛው ሥራ እንለፍ። ይህን ሥራ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ በኃይል ይታገልና ተስፋ ይቆርጣል፤ ምክንያቱም የጎማው አሠራር አልገባውም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለው፥ ብረቱን ከማንሣት በፊት ይህን አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል።

ጎማው ቸርኬውን የሚይዝበት ጠርዝ አለው፤ ከንፈር እንበለው። በዚህ ከንፈር ውስጥ የብረት ሽቦ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ሽቦውም ፈጽሞ አይለጠጥም። የቸርኬው የውጭ ጠርዝ ደግሞ ከከንፈሩ ክብ ይሰፋል። ታዲያ ጠባቡ ክብ በሰፊው ላይ እንዴት ይዘላል? መልሱ በቸርኬው መሐል ባለው ጎድጓዳ ቦይ ውስጥ ነው። በአንድ ወገን ያለው ከንፈር ወደዚህ ቦይ ሲወርድ፥ በተቃራኒው ወገን ትርፍ ይገኛል፤ በዚያ ትርፍ ከንፈሩ ያለ ችግር ጠርዙን ይሻገራል። በማንሻ ብረት በአንድ ወገን እየጎተተ፥ በሌላው ወገን ከንፈሩን ወደ ቦዩ ያላወረደ ሰው፥ አሥር ሰው ቢያግዘውም ሽቦውን ይቆርጣል እንጂ ጎማውን አያወጣም። የዚህ ሥራ ምሥጢር በሙሉ ይህ ነው።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው። ከ40 እስከ 60 ሳንቲሜትር የሚረዝሙ፥ ጫፋቸው ጠፍጣፋና የተስተካከለ፥ ሁለት ወይም ሦስት የጎማ ማንሻ ብረቶች፤ የቫልቮላ መፍቻ፤ የሳሙና ውሃ፤ የአየር መለኪያ፤ ጥሩ ፖምፓ። ይህን ሥራ ዘወትር ለመሥራት ያሰበ ሰው፥ በሲሚንቶ ወለል ላይ በብሎን የሚታሰረውን፥ መሐሉ ላይ ምሰሶ ያለውን የእጅ ጎማ መለወጫ ቢገዛ ድካሙ ይቀልለታል።

መጀመሪያ የቫልቮላው ውስጠኛ መርፌ ተፈትቶ አየሩ በሙሉ ይውጣ። አየር ባለበት ጎማ ላይ ብረት አይሰነዘርም። ቀጥሎ ከንፈሩ ከተቀመጠበት መላቀቅ አለበት፤ ለብዙ ዓመት የቆየ ጎማ በዝገት ተጣብቆ ስለሚገኝ፥ በእጅ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በመዶሻ የጎማውን ጎን መደብደብ ውስጡን ይጎዳል። ይልቁንስ 2 ሜትር ተኩል የሚያህል ጠንካራ ጣውላ ተፈልጎ፥ አንድ ጫፉ እንዳይነሣ በጽኑ ነገር ሥር ይያዝ፤ ከዚያ ጫፍ 40 ሳንቲሜትር ያህል ራቅ ብሎ አጭር እንጨት በጎማው ላይ፥ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ፥ ይቁም፤ በጣውላው ሌላ ጫፍ ላይ ሰው ቀስ ብሎ ይጫን። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚህ አኳኋን ከ300 ኪሎ በላይ የሚያህል ግፊት ያገኛል። ጎማውን ጥቂት በጥቂት እያዞሩ፥ የሳሙና ውሃ እየጨመሩ፥ በሁለቱም ወገን መድገም ነው።

ከንፈሮቹ ከተላቀቁ በኋላ ቸርኬው በመሬት ላይ ይጋደም፤ ቦዩ የሚቀርበው ወገን፥ አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ፊቱ፥ ወደ ላይ ይሁን። ከንፈሩ በሳሙና ውሃ ይረስ። ቤንዚን፥ የሞተር ዘይትና ግራሶ ጎማን ስለሚበሉ በሳሙና ፈንታ አይገቡም። ሠራተኛው በአንዱ ወገን ተንበርክኮ በጉልበቱ ከንፈሩን ወደ ቦዩ ይጫን፤ በተቃራኒው ወገን የመጀመሪያውን ብረት አስገብቶ ያንሣ፤ ሁለተኛውን ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ራቅ አድርጎ ያስገባ። ብዙ ለመንጠቅ መሞከር አይገባም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ግማሽ ክብ ያህል ከወጣ በኋላ የቀረው በእጅ ይወጣል። ከመነዳሪ ያለው ከሆነ አሁን ከመነዳሪው ይወጣል፤ ሁለተኛውም ከንፈር በዚያው ሥርዓት በአንድ ወገን ይሻገራል። ብረቱ ታጥፎ ሳለ ፊትን በላዩ ማድረግ አደገኛ ነው፤ ከእጅ ቢያመልጥ በኃይል ይመለሳልና።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት ቸርኬው በብረት ብሩሽ ከዝገት ይጽዳ፤ ስንጥቅ ወይም መጣመም እንዳለው ይታይ። የቱብለስ ቸርኬ ከሆነ ቫልቮላው አብሮ ቢለወጥ ይሻላል፤ ዋጋው ትንሽ ነው፥ አየር የሚያፈስሰው ግን ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። በጎማው ጎን ላይ የመዞሪያ ቀስት ወይም የውጭ ወገን ምልክት ካለ እንደ ምልክቱ ይገባል። ቢጫ ነጥብ ካለበት ደግሞ ነጥቡ በቫልቮላው ትይዩ ይሁን፤ የጎማው ቀላል ወገን ያ ነውና፥ የቫልቮላው ክብደት ያመዛዝነዋል። አገባቡ የአወጣጡ ተቃራኒ ነው። የመጨረሻው ክፍል ሲጠብቅ ብረቱን ከማክረር ይልቅ፥ በትይዩ ያለው ከንፈር ከቦዩ መውጣት አለመውጣቱን መመልከት ነው።

አየር ስለ መሙላት

የታመቀ አየር ለዓይን ስለማይታይ ሰው ይንቀዋል። በቤት መኪና ጎማ ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 2 ነጥብ 5 ባር፥ በእንግሊዞች መለኪያ ከ30 እስከ 36 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። 2 ነጥብ 3 ባር ማለት፥ መዳፍ በሚያህል 100 ስኩዌር ሳንቲሜትር ስፋት ላይ 230 ኪሎ ያህል ይጫናል ማለት ነው። ጎማው ሁሉ ሲታሰብ ኃይሉ እንዴት ያለ እንደ ሆነ አንባቢ ይገምት።

ከንፈሮቹ በስፍራቸው ሲቀመጡ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ 40 ፒ.ኤስ.አይ. ሳይደርስ ካልተሰማ፥ መጨመሩን ትቶ አየሩን አውጥቶ፥ ሳሙና ጨምሮ፥ ከንፈሩን አስተካክሎ እንደ ገና መጀመር ይገባል። «ትንሽ ቢጨመር ይገባል» የሚለው አሳብ ሽቦውን በጥሶ ጎማውን ያፈነዳል። በሚሞላበት ጊዜ እጅ በከንፈሩና በቸርኬው መካከል አይገባም፤ ፊት በጎማው ላይ አይጎነበስም፤ ልጆች በአጠገቡ አይቆሙም።

ቱብለስን በእጅ ወይም በእግር ፖምፓ ሲነፉ፥ ከንፈሩ ቸርኬውን ስላልነካ አየሩ በዳርቻው ያመልጣል። መፍትሔው ገመድ ነው፤ በጎማው ጥርስ ዙሪያ ገመድ አስሮ በዱላ ጠምዝዞ ማጥበቅ። መሐሉ ሲጨመቅ ከንፈሮቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ፖምፓውም ይይዛል። ከንፈሮቹ እንደ ያዙ ገመዱ ወዲያው ይላላ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ትዕግሥት ነው፤ ብዙ መቶ ጊዜ መግፋት ያስፈልጋልና ቤተ ሰቡ ይፈራረቅ። አንዳንዶች ቤንዚን ወይም ሌላ ተቀጣጣይ ነገር ረጭተው በእሳት ከንፈሩን ለማስያዝ ይሞክራሉ፤ ይህ ሰውን ለሞት የሚያደርስ ድፍረት ነውና በማንኛውም ቤት አይደረግ።

የትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይገኛል፤ በጎማው ጎን የተጻፈው ግን የመጨረሻው ወሰን ነው እንጂ የሚታዘዘው ልክ አይደለም። መለካትም ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ነው። በአገራችን ደጋና ቆላ ስለሚለያዩ ሌላ ጉዳይ አለ። በአዲስ አበባ ከፍታ የተሞላ ጎማ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ሲደርስ፥ በውጭ ያለው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ሩብ ባር ያህል ቀንሶ ያሳያል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ የጎደለውን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ ጎማው ሞቆ ሳለ «በዛ» ብሎ አየር ማስወጣት ስሕተት ነው፤ ካደሩ በኋላ በማለዳ ለክቶ ማስተካከል ነው።

በቤት የማይሠራው የትኛው ነው?

ሁሉን በቤት እሠራለሁ ማለት ብልኅነት አይደለም። የጭነት መኪና ጎማ ከ7 ባር በላይ አየር ይይዛል፤ ቸርኬውም ብዙ ጊዜ ከተለያዩ ክፍሎችና ከብረት ቀለበት የተገጠመ ነው። ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ ሲሞላ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። ይህን ሥራ መሥራት የሚገባው በብረት ፍርግርግ ውስጥ አስገብቶ፥ ራቅ ብሎ በረጅም ቱቦ የሚሞላ ባለ ሙያ ብቻ ነው። ጎኑ እጅግ አጭር የሆነ ጎማ፥ ውድ የአሉሚኒየም ቸርኬ፥ ከቫልቮላው ጋር የአየር መጠን መቆጣጠሪያ የተገጠመበት የአዲስ ዘመን መኪናም በእጅ ብረት በቀላሉ ይበላሻልና ወደ ጎሚስታ ይሂድ። ባላንስም እንዲሁ ነው። ጎማ በቤት ቢለወጥ እንኳ፥ መሪው በፍጥነት ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በማሽን ማስመዘን ያስፈልጋል።

ጥገናን በሚመለከት፥ በጥርሱ መሐል በምስማር የተበሳ፥ ቀዳዳውም ከ6 ሚሊሜትር ያልበለጠ ጎማ ይጠገናል። በጎኑ የተቀደደ ግን አይጠገንም፤ ጎኑ በየዙሩ ስለሚተጣጠፍ መለጠፊያው አይይዝም። ተንፍሶ ብዙ የተነዳ ጎማ ከውጭ ደኅና ቢመስልም፥ ሲወልቅ ውስጡ የጎማ ዱቄት ከተገኘበት ግድግዳው ተፈጭቷል፤ ተመልሶ መግባት የለበትም።

የጎማውን ጽሑፍ ስለ ማንበብ

ጎማ የሚገዛ ሰው በጎኑ የተጻፈውን ማንበብ ይወቅ። «195/65» ተብሎ ቀጥሎ 15 ቢጻፍ፥ 195 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶ ስንት እንደ ሆነ ያሳያል፤ 15 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ይህ የመጨረሻው ቍጥር ከቸርኬው ጋር አንድ መሆን አለበት። የ16 ኢንች ጎማ በ16 ተኩል ኢንች ቸርኬ ላይ በግድ ሲሞላ ፈንድቶ ሰው የገደለበት ጊዜ አለ።

ከፊደላት ቀጥሎ በመጨረሻ የሚገኙት አራት ቍጥሮች የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ። «2319» ቢል፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ገና ያላለቀ ያገለገለ ጎማ በርካሽ ሲቀርብ፥ ከዋጋው በፊት ይህን ቍጥር መመልከት ይገባል። ብዙ ጎማ ሠሪዎች 10 ዓመት ያለፈውን፥ መልካም ቢመስልም፥ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠው ተጠባባቂም ከዚህ አይወጣም። የጥርሱ ጥልቀት 1 ነጥብ 6 ሚሊሜትር ሲደርስ በብዙ አገር ሕግ ጎማው አልቋል። በክረምት መንገድ ግን ከዚያ ቀድሞ መለወጥ ይሻላል። ሁለት ብቻ የሚገዙ ከሆነ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ፤ የኋላው ሲንሸራተት መኪናውን ለመመለስ እጅግ ያስቸግራልና።

ቤተ ሰቡን ስለ ማስተማር

ይህ ዕውቀት በአባት እጅ ብቻ ቢቀር ጥቅሙ ግማሽ ነው። መኪናውን እናትም ልጅም ይነዳል፤ ጎማውም የሚተነፍሰው የሚያውቀው ሰው ያለበትን ቀን መርጦ አይደለም። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፥ በግቢ ውስጥ፥ ያልተነፈሰውን ጎማ አውርዶ መልሶ መግጠምን ሁሉም በተራ ይለማመዱ። ሴቶች ልጆች ይህ የወንድ ሥራ ነው ተብለው አይከልከሉ፤ ረጅም እጀታ ያለው መፍቻ ቢሰጣቸው ብሎኑን ለመፍታት ጉልበታቸው ይበቃል። ትንንሾቹ ደግሞ ታኮ በማድረግና ብሎን በመቍጠር ያግዙ፤ ነገር ግን መኪናው በክሪክ በተነሣ ጊዜ መቆሚያ ስፍራቸው አስቀድሞ ይወሰን፤ ከዚያም እንዳይንቀሳቀሱ ይነገራቸው።

ረጅም ጉዞ ከመጀመሩ በፊትም አንድ ሰው ኃላፊ ሆኖ እነዚህን ይመልከት፤ የተጠባባቂው ጎማ አየር ሙሉ መሆኑን፥ ክሪኩ መሥራቱን፥ መፍቻው ለብሎኑ ልክ መሆኑን፥ ጣውላ፥ ሁለት ታኮ፥ የእጅ ባትሪና ጓንት በመኪናው ውስጥ መኖራቸውን። ከእነዚህ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው፤ አየር የሌለው ተጠባባቂ ከተነፈሰው ጎማ አይሻልምና። ይህን ሁሉ ለማየት ሩብ ሰዓት ይበቃል። እኛም በዚህ ገጽ የጻፍነውን የቤቱ ሰዎች በአንድነት አንብበው፥ በሚቀጥለው ዕረፍት ቀን በግቢያቸው እንዲሞክሩት አደራ እንላለን።